የቆየ የብረት ሕንፃ ብየዳ ምን ያህል ይችላል? ስንመረምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመጋዘን ባለቤት ደወለልኝ። መጋዘኑ ቃሊቲ አካባቢ፣ በደርግ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ጣሪያውን የተሸከመው የአንግል ብረት ትራስ ነው (ግንባታ ውስጥ ለሌላችሁ፦ ይህኛው ትራስ ራስ ሳይሆን ጣሪያ የሚያርፍበት ነው)። ሰውየው ውስጡ ግማሽ ፎቅ ሊጨምር፣ ትራሱ ላይ ደግሞ ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ሊያስቀምጥ አስቧል። "ብየዳው ይችላል አይችልም?" አለኝ። እኔም "በምን ኤሌክትሮድ ነው የተበየደው?" ብዬ ጥያቄውን በጥያቄ መለስኩ (ኤሌክትሮድ ማለት ቀልጦ ብየዳውን የሚሞላው ዘንግ ነው)። ሳቀብኝ። "ኢንጂነር፣ እንኳን ኤሌክትሮዱ በያጁም አይታወቅ!"

መሳቁ ልክ ነበር። በአሮጌ ብየዳ አቅም ላይ የኤሌክትሮዱ ስም ያለው ድርሻ ከምናስበው ያነሰ ነው፤ የብየዳው መጠንና የተበየደበት ሁኔታ ግን ከምናስበው በጣም ይበልጣል። ከታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን በሌሎች ሪፖርት ላይ አይቻቸዋለሁ። ዓመቶቹን ዓ.ም ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቧቸው።

ከኤሌክትሮዱ ስም መጀመር

ገበያችን ላይ የሚታወቁትን ሁለቱን እንውሰድ፤ ኢ6013 እና ኢ7018። በአሜሪካው አሰያየም የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የብየዳው ብረት ቢያንስ በስንት ሺህ ፓውንድ በስኩዌር ኢንች እንደሚበጠስ ይናገራሉ። 60 ማለት 414 ሜጋፓስካል፣ 70 ማለት 483 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። የአሜሪካው የብረት ሕንፃ ደንብ ከ1969 ወዲህ፣ በሥራ ጭነት ሲሰላ፣ በማዕዘን ብየዳ (ማዕዘን ሠርተው የተገናኙ ሁለት ብረቶችን በሚያያይዘው) ላይ የሚፈቅደው ስትረስ፣ ማለትም በስፋት ልክ የሚያርፈው ኃይል፣ የዚህን 30 በመቶ ነው። እግሩ (ብረቱ ላይ የተኛው ጎን) 6 ሚሊ የሆነ ብየዳ ጉሮሮው (ከሥሩ እስከ ፊቱ ያለው አጭሩ ርቀት) 4.24 ሚሊ ነው። ስናባዛው በኢ60 እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ርዝመት 527 ኒውተን፣ በኢ70 ደግሞ 615 ኒውተን ይሸከማል። ልዩነቱ 17 በመቶ ገደማ ነው።

አሁን ፕላኑ ላይ "6 ሚሊ" የተባለው ብየዳ ቦታው ላይ ሲለካ 4 ሚሊ ቢሆንስ? ከአቅሙ 33 በመቶው የለም። ኤሌክትሮዱን ለማወቅ ስንት ደብዳቤ ተጽፎ፣ ስንት አቧራ የጠጣ ፋይል ተገልጦ የሚገኘው 17 በመቶ፣ በአንድ ርካሽ መለኪያ ከሚገኘው ግማሹ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሰነድ ከሌለ በዝቅተኛው፣ ማለትም በኢ60፣ አስሉ። በዚያ ካለፈ የኤሌክትሮዱ ጥያቄ ተዘጋ። ካላለፈና የሕንፃው ደኅንነት በዚያ ብየዳ ላይ የሚመረኮዝ ከሆነ ያኔ ናሙና ይወሰዳል፤ የአሜሪካው ደንብም ስለ ነባር ሕንፃዎች በሚናገረው ክፍሉ የሚያዘው ይህንኑ ነው። ግምት ለመነሻ እንጂ ለመድረሻ አይሆንም።

ቁጥሩን ያለ ሀገሩ ማንበብ

ይህ ስህተት በእኛ ሀገር ከሌላው ዓለም የበለጠ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ብረታችን ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። የድሬዳዋ ባቡር ፈረንሳዮች የዘረጉት ነው። ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያን የራሱን አመጣ። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሆላንዶች በ1954 ከፈቱት። የሙገር ሲሚንቶ በ1984 በምሥራቅ ጀርመን እገዛ ተሠራ። ሶቪየቶችም የራሳቸውን ደረጃና የራሳቸውን ኤሌክትሮድ ይዘው መጡ። አንድ የፋብሪካ ግቢ ውስጥ የሦስት ሀገር ብረት ጎን ለጎን ቆሞ ማየት የተለመደ ነው።

በመጀመሪያ የብረቱን ስም ተመልከቱ። ኤስቲ 37፣ ኤ36፣ ኤስ235 እና የሶቪየቱ ኤስቲ 3 በግርድፉ ተቀራራቢ የሆኑ ተራ የግንባታ ብረቶች ናቸው። ቁጥሮቹ ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጀርመኑ 37 ብረቱ የሚበጠስበት ጥንካሬ በኪሎግራም በስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው 36 ብረቱ መለጠጥ የሚጀምርበት ነጥብ በሺህ ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። የአውሮፓው 235 ያው የመለጠጫ ነጥብ በሜጋፓስካል ነው። የሶቪየቱ 3 ደግሞ ምንም ጥንካሬ አይናገርም፤ የተራ ቁጥር ነው።

ኤሌክትሮዱ ላይ ሲመጣ ወጥመዱ ይብሳል። የሶቪየቱ ኢ42 የሚባለው ኤሌክትሮድ 42 ኪሎግራም በስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 412 ሜጋፓስካል ላይ የሚበጠስ ነው፤ ከአሜሪካው ኢ60 ጋር አቻ መሆኑ ነው። ዛሬ የአውሮፓን ደረጃ የሚከተል ካርቶን ላይ "ኢ 42" ተጽፎ ብታዩ ግን 42ቱ የመለጠጫ ነጥቡ 420 ሜጋፓስካል መሆኑን ይነግራችኋል፤ የሚበጠሰው ከ500 በላይ ነው። ሲጠራ አንድ ስም፣ ሁለት ብረት። የድሮውን ሰነድ በዛሬው ደረጃ ያነበበ ሰው ብየዳውን ሃያ በመቶ ያህል አጋንኖ አሰላው ማለት ነው። በስሌቱ የትኛውም መስመር ላይ ስህተት አይታይም፤ ስህተቱ ከስሌቱ በፊት ነው የገባው።

ሰነድ ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ስንት?" ሳይሆን "የማን፣ የመቼ?" ይሁን።

እግርን ከጉሮሮ ማምታታት

የማዕዘን ብየዳ በጎን ተቆርጦ ሲታይ ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለቱ ብረቶች ላይ የተኛው ጎን እግር ይባላል። ከሥሩ ማዕዘን እስከ ፊቱ ያለው አጭሩ ርቀት ጉሮሮ ነው። የሚሸከመው ጉሮሮው ነው። እግሮቹ እኩል ሲሆኑ ጉሮሮው የእግሩ 0.707 ነው።

ችግሩ ሁሉም ሀገር ፕላን ላይ የሚጽፈው አንዱን አለመሆኑ ነው። የጀርመን ልምድ ጉሮሮውን መጻፍ ነው፤ አሜሪካኖችና ሶቪየቶች እግሩን ይጽፋሉ። ፕላኑ "6" ካለና እግር የሆነውን ጉሮሮ ነው ብላችሁ ካሰላችሁ፣ ብየዳው ካለው አቅም 41 በመቶ አብልጣችሁ ሰጣችሁት። ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ጤነኛውን ሕንፃ ያለ ጥፋቱ ያስፈርደዋል። የአውሮፓ ፕላን ላይ ከቁጥሩ በፊት "ኤ" ፊደል ካለ ጉሮሮ፣ "ዜድ" ካለ እግር ነው። ፊደል የሌለው አሮጌ ፕላን ከገጠማችሁ ሄዶ መለካት ብቻ ነው መፍትሔው።

መለካትም ቢሆን የራሱ ብልሃት አለው። ፊቱ ወደ ውጭ ያበጠ ብየዳ በእግሩ ይለካል፤ እብጠቱ ጌጥ እንጂ አቅም አይደለም። ፊቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደው በጉሮሮው ይለካል፤ እግሩ ሰፊ ሆኖ ጉሮሮው ቀጭን ስለሚሆን በእግሩ የለካው ይታለላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከውጭ የማይታየው ክፍተት ነው። ሁለቱ ብረቶች በደንብ ሳይገጣጠሙ፣ በመሐላቸው 3 ሚሊ ክፍተት እያለ ከላይ የተበየደ 6 ሚሊ ብየዳ፣ በእውነት የሚሠራው የ3 ሚሊ ያህል ነው። የአሜሪካው የብየዳ ደንብ ክፍተቱ ከ1.6 ሚሊ ሲያልፍ እግሩ በክፍተቱ ልክ እንዲጨምር የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ቃሊቲው መጋዘን ላይ ያገኘነው ይህንኑ ነበር፤ ብየዳው ያበጠ፣ ያማረ፣ ከጎኑ ግን ስስ ቢላዋ እስከ ሥሩ ይገባል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶቹን ሳልይዝ ሳይት አልወጣም።

ርዝመቱንም አትመኑ። ብረቱን ለመያዝ ብቻ የተነጠቡ ነጥቦች በተራ ተደርድረው ሲታዩ መስመር ይመስላሉ። በአውሮፓው ደንብ ከ30 ሚሊ ወይም ከጉሮሮው ስድስት እጥፍ (ከሁለቱ ከሚበልጠው) ያጠረ ብየዳ ጭነት ተሸካሚ ሆኖ አይቆጠርም። ከቀረው ርዝመት ላይም ብየዳው ጫፍ ድረስ ሙሉ ካልሆነ መነሻና መድረሻው ይቀነሳል።

በቀለም ላይ መመርመር

አጭር ነው፦ ቀለም እያለ ምርመራ የለም። አሮጌ መገጣጠሚያ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ቀለም፣ አልፎ አልፎም ስቱኮ ተለቅልቆበት ይገኛል። ስንጥቅ ከሥሩ ይደበቃል፤ መለኪያውም የቀለሙን ውፍረት ጨምሮ ይለካል። እስከ ብረቱ ድረስ ይጸዳ። አሮጌው ቀይ ጸረ ዝገት ቀለም ግን እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በግራይንደር እያቦነኑ መተንፈስ አይገባም፤ ለሠራተኛው ተገቢው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳይኖር ሥራው አይጀመር።

ዝገት ካለ ደግሞ ብየዳው ራሱ ተበልቷል። እግሩ 4 ሚሊ ከሆነ ብየዳ 1 ሚሊ ዝገት ሲወስድ ሩብ አቅሙን ወሰደ። 10 ሚሊ ውፍረት ካለው ላሜራ ያው 1 ሚሊ ቢሄድ ግን አሥር በመቶ ነው። ቀጭኑ ቀድሞ ይሞታል።

ምርመራው "ንጹሕ" ካለ ጠንካራ ነው ማለት

በድምፅ ሞገድ፣ በማግኔት፣ በሚሰርግ ቀለም የሚደረጉት ምርመራዎች እንከን ይፈልጋሉ። ጥንካሬ አይለኩም። "የማግኔት ምርመራ አልፏል" የሚል ወረቀት ፊቱ ላይ ስንጥቅ አልተገኘም ማለት ነው፤ ጉሮሮው ስንት እንደሆነ፣ ብረቱ በስንት እንደሚበጠስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ደንበኛ ግን ወረቀቱን ሲያይ "አበቃ፣ ጨረስን" ይላል። መሐንዲስም እንዲሁ ሲል ሰምቻለሁ።

የድምፅ ሞገዱ ደግሞ በየትኛውም ብየዳ ላይ አይሠራም። በአሜሪካው የብየዳ ደንብ ያለው አሠራር የተዘጋጀው ከዳር እስከ ዳር ለሚሞላ ብየዳ ሆኖ ውፍረቱም ከ8 ሚሊ ጀምሮ ነው። የድሮ ትራሶቻችን በአብዛኛው 5 እና 6 ሚሊ አንግል ላይ የተጋደመ ማዕዘን ብየዳ ናቸው። እዚያ ላይ የድምፅ ሞገድ አስመርምሮ ገንዘብ መክፈል ለምርመራ ድርጅቱ ጥሩ ቀን ነው፣ ለሕንፃው ግን ምንም አይደለም። ለእነዚህ ዓይን፣ መለኪያ፣ ከዚያም የማግኔት ምርመራ ይበቃል፤ በተለይ ብየዳው የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ጫፍ ላይ። የተገኘ ስንጥቅ ርዝመቱ ምንም ይሁን ምን ተቀባይነት የለውም። የአየር ቀዳዳና የጎን መበላት ገደብ አላቸው፤ ስንጥቅ ግን ጭራሽ አይፈቀድም።

የኪስ መሣሪያዎችን ከሚችሉት በላይ ማመን

ጠጣርነት ከጥንካሬ ጋር ዝምድና አለው። ለተራ ብረት የብሪኔል ቁጥሩን (ብሪኔል የጠጣርነት መለኪያ ነው) በ3.45 ብታባዙ የሚበጠስበትን ጥንካሬ በሜጋፓስካል በግምት ታገኛላችሁ። 120 ብሪኔል 414፣ 140 ብሪኔል 483 ይሰጣል። አስተውሉ፦ ኢ60ን ከኢ70 የሚለየው 20 የብሪኔል ነጥብ ብቻ ነው። ሸካራ ፊት ላይ፣ መሰላል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ በተያዘ መሣሪያ የሚመጣው መዋዠቅ ይህን ያህል በቀላሉ ይሆናል።

እዚህ ሀገር የምናገኘው በብዛት ኳስ አንጥሮ የሚለካው ሊብ የሚባለው ዓይነት ነው። የተለመደው ዲ መምቻ ያለ ድጋፍ በትክክል የሚለካው 5 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ 25 ሚሊ ያህል ውፍረት ያለው ነገር ላይ ነው። 6 ሚሊ አንግል ላይ ስትተኩሱት ብረቱ ራሱ ስለሚርገበገብ ቁጥሩ የብረቱ ሳይሆን የርግብግብታው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ዝቅ ብሎ ይወጣል። አንድ ሪፖርት ላይ ብየዳው ከላሜራው በግማሽ የለሰለሰ ሆኖ ቀርቦ አይቻለሁ። የለሰለሰ ነገር አልነበረም፤ ላሜራው ከኋላው ምንም ያልያዘው መሆኑ ነው። ለቀጭን ብረት በአልማዝ ጫፍና በድምፅ ንዝረት የሚለካው መሣሪያ ይሻላል። ከሁሉም በፊት ግን ፊቱ ግማሽ ሚሊ ያህል መነሳትና መለስለስ አለበት።

ሌላው የኪስ መሣሪያ በኤክስሬይ የብረቱን ንጥረ ነገር የሚናገረው ሽጉጥ መሰል ነገር ነው። ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል በሰከንዶች ይነግራችኋል። ካርቦንን ግን አያይም፤ ለእርሱ በጣም ቀላል ንጥረ ነገር ነው። ብረት ለብየዳ መመቸቱ በዋናነት የሚወሰነው ደግሞ በካርቦን ነው! ካርቦኑን ለማወቅ በብልጭታ የሚመረምር መሣሪያ፣ ወይም በመሰርሰሪያ ወጥቶ ላቦራቶሪ የሚላክ ፍቅፋቂ ያስፈልጋል። አንድ እፍኝ ፍቅፋቂ ብዙ ክርክር ይዘጋል።

ጥንካሬን ብቻ መጠየቅ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ይህ ስህተት በዓለም ላይ ብዙ ዋጋ አስከፍሏልና።

ጥር 17 ቀን 1994 ሌሊት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኖርዝሪጅ በምትባል ሰፈር 6.7 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የብረት ፍሬም ሕንፃዎች አልወደቁም። መሐንዲሶች በብረታቸው ኮርተው ነበር፤ ብረት ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም ሲባል ኖሯልና። ቀስ በቀስ ግን የግድግዳ ልባስና የእሳት መከላከያ ልባስ እየተነሣ ሲታይ፣ ቢሙ (አግድሙ ተሸካሚ) ከኮለኑ (ከቋሚው) ጋር የተገናኘበት ብየዳ ተሰብሮ ተገኘ። ስብራቱ ከመቶ በላይ ሕንፃዎች ውስጥ ነበር። በብዛት የተሰበረው የቢሙ የታችኛው ክንፍ ነው። አንዳንዱ ስንጥቅ ብየዳውን አልፎ ኮለኑ ውስጥ ገብቷል። ከውጭ ሲታይ ሕንፃው ምንም አልሆነም፤ ቢሮው ተከፍቶ ሰው ይሠራበት ነበር።

ብየዳው የተሠራበት ኢ70ቲ-4 የሚባል ሽቦ የተባለለትን 70 ሺህ ፓውንድ ጥንካሬ ያሟላ ነበር። በወረቀት ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ሌላ ነው፤ ትንሽ ስንጥቅ ሲገጥመው ተለጥጦ የመያዝ፣ ድንገት እንደ መስታወት ያለመሰበር ችሎታው። ተፍነስ የምንለው። ያንን ደንቡ በወቅቱ አይጠይቅም ነበር። በዚህ ላይ ከብየዳው ሥር ተትቶ የቀረው የድጋፍ ብረት ራሱ እንደ ስንጥቅ ሆኖ መነሻ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ለእንዲህ ያሉ መገጣጠሚያዎች የሚውል ኤሌክትሮድ በ29 ዲግሪ ከዜሮ በታች 27 ጁል፣ በ21 ዲግሪ ደግሞ 54 ጁል መቋቋሙ እንዲረጋገጥ ተደረገ።

ከዚህ ቀደምም ትምህርቱ ተሰጥቶ ነበር። ቤልጅየም ውስጥ ሃሴልት ላይ የነበረው በብየዳ የተሠራ ድልድይ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት 1938 በብርድ ቀን ተሰብሮ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ያንጊዜ በአውሮፓ በብዛት የሚመረተው፣ ናይትሮጅን የሚበዛበት የቶማስ ብረት፣ ዕድሜው ሲገፋ የሚሰባበርና ለብየዳ የማይመች ነው። ጣሊያን ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የመጣ ብረት ላይ ለመበየድ ስታስቡ ይህንን አትርሱ።

"እኛ ጋ ምን አገባን?" የሚል ካለ፣ በ2017 ዓ.ም የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መብራት ሲያወዛውዝ ተመልክተናል። ለአንድ ፎቅ መጋዘን ትራስ የተፍነስ ፈተና ማሠራት ከልክ ያለፈ ይሆናል፤ ያንን አልመክርም። ፎቅ የተሸከመ፣ የመንቀጥቀጥን ኃይል በቢምና በኮለን መገጣጠሚያው ለሚቋቋም ሕንፃ ግን "ኢ70 ነው" የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው።

የድሮውን ፈቃድ ከአዲሱ ጭነት ጋር ማጋጨት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ደንብ ለኢ60 ማዕዘን ብየዳ የሚፈቅደው 13,600 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች፣ ማለትም 94 ሜጋፓስካል ነበር። በ1969 ያው ኤሌክትሮድ 18,000፣ ማለትም 124 ሜጋፓስካል ተፈቀደለት። ብየዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ድፍረት ነው። ስለዚህ በድሮው ደንብ በታማኝነት የተሠራ ሕንፃ የተደበቀ ትርፍ ሊኖረው ይችላል።

ስህተቱ የሚመጣው ይህን 94 ወስደን በዛሬው ዘዴ ከተባዛ ጭነት ጋር ስናወዳድር ነው። በኢትዮጵያው የሕንፃ ደንብ በኢቢሲኤስ 1995 ቋሚው ጭነት (የሕንፃው የራሱ ክብደት) በ1.3፣ ተንቀሳቃሹ (ሰውና ዕቃ) በ1.6 ይባዛ ነበር። የተቀነሰ አቅም ከተባዛ ጭነት ጋር ሲገጥም ጥንቃቄው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፤ ጤነኛ ሕንፃም በወረቀት ላይ ይወድቃል። ወይ ሁለቱንም በድሮው ዘዴ፣ ወይ ሁለቱንም በአዲሱ። በአውሮፓው ዘዴ ለኤስ235 ብረት የማዕዘን ብየዳ የንድፍ ጥንካሬ 208 ሜጋፓስካል ገደማ ይወጣል፤ ይህ ግን የብየዳው ብረት ከሚያገናኘው ብረት የማያንስ ከሆነ ነው።

"አርባ ዓመት ቆሟል እኮ"

አርባ ዓመት የቆመው አርባ ዓመት የመጣበትን ጭነት ተሸክሞ ነው። የንድፉ ንፋስ መጥቶ ላያውቅ ይችላል። ጣሪያው ላይ ከቆርቆሮና ከእርግብ በቀር ምንም አልነበረም። 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ነው፤ ያውም በሁለት ትራስ ላይ። ለአርባ ዓመት ምንም ያልተሸከመ መገጣጠሚያ ታሪኩ ለሮቶው ምስክር አይሆንም።

በተግባር መፈተን ከተፈለገ ሥርዓት አለው። በአሜሪካው ደንብ የሙከራ ጭነቱ ቋሚው በ1.2፣ ተንቀሳቃሹ በ1.6 ተባዝቶ ቀስ በቀስ ይጫናል፣ ለአንድ ሰዓት ይቆያል፣ በዚያች ሰዓት ውስጥ መርገቡ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር የለበትም፤ ጭነቱ ወርዶ ከ24 ሰዓት በኋላም ይለካል። ከሥሩ ድጋፍ ቆሞ፣ ሰው ወጥቶ። ሁለት ጎረምሶችን ትራሱ ላይ አስወጥቶ ማዘለል ሙከራ አይደለም። ያየሁት ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ናሙናን ከሚመች ቦታ መውሰድ

መጋዘኑን ስንመረምር አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት በያጅ ነበሩ። እኔ ከመሰላሉ በቀላሉ የሚደረስባቸውን የጫፍ መገጣጠሚያዎች ስለካ ቆይተው፣ "ልጄ፣ ቁጭ ብሎ የበየደውን ለምን ታያለህ? አንጋጦ የበየደውን እይ እንጂ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ ወደ መሐል ወጣሁ።

ልክ ነበሩ። ትራሱ ግማሽ ግማሹ መሬት ላይ ተበይዶ ነው የወጣው፤ ያ ክፍል እግሩ 6 ሚሊ፣ ወጥ ነበር። ሁለቱ ግማሾች አየር ላይ የተገናኙበት መሐል ግን 3 ሚሊ፣ ከሥሩም ያ ክፍተት። የጫፎቹን አማካይ ወስጄ ብወርድ ኖሮ ሪፖርቴ ያማረ ውሸት ይሆን ነበር። ወርክሾፕ የተበየደው፣ ሳይት መሬት ላይ የተበየደው፣ አንጋጦ የተበየደው ለየብቻ ይመደቡ፤ ከየምድቡም ለየብቻ ይለካ። ብረት ቆርጦ ለማውጣት ሲሆን ግን ተቃራኒው ነው፤ ጭነት ከሚያንስበት ቦታ ይቆረጥና ወዲያው ይጠገን።

ለማጠናከር ተብሎ ማፍረስ

ምርመራው "አይበቃም" ሲል የሁሉም ሰው እጅ ወደ ብየዳ ማሽኑ ይሄዳል። ብረት 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጥንካሬው ይሄዳል፤ ጭነት ላይ ያለ ቀጭን አንግል በአግድም ሲበየድ ደግሞ መላ ቁመናው በአንድ ጊዜ ይሞቃል። መጀመሪያ ድጋፍ ይቁም፣ የሚወርድ ጭነት ይውረድ፣ ከዚያ በብረቱ ርዝመት አቅጣጫ በአጭር በአጭሩ ይበየድ። የብረቱ ካርቦን ካልታወቀ አይጀመር። ኢ7018 የሚጠቀም ከሆነ ከታሸገበት ከወጣ በኋላ በ120 ዲግሪ ምድጃ ይቀመጥ፤ ከምድጃ ወጥቶ ከአራት ሰዓት በላይ አየር ላይ የቆየው እርጥበት ይስባል፤ ከእርጥበቱ የሚመጣው ስንጥቅ ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም ሊታይ ስለሚችል ብየዳው በተጠናቀቀበት ቀን ተመርምሮ "አለፈ" አይባልም።

በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚጠብቅ ምስማር መሰል ብረት) የተያያዘ የጣሊያን ዘመን ብረት ላይ ብየዳ ሲጨመር ሁለቱን አቅሞች ደምሮ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። ብየዳ ግትር ነው፣ ሪቬት ትንሽ ይንሸራተታል፤ አብረው አይጎትቱም። ነባሩን ቋሚ ጭነት ሪቬቶቹ እንደያዙ፣ የሚጨመረውን ብየዳው ሙሉ በሙሉ እንዲሸከም አድርጎ ማስላት ነው የሚያዋጣው።

ቃሊቲ ላይ በመጨረሻ በየትራሱ መሐል ያሉትን መገጣጠሚያዎች ብቻ ደግፈን አጠናከርን። ግማሽ ፎቁ የራሱ ኮለን ተሠራለት። ሮቶው ከመጋዘኑ ጀርባ መሬት ላይ በራሱ ማማ ቆመ፤ ባለቤቱ ለማማው ያወጣው ወጪ እኔ ኤሌክትሮዱን ለማወቅ ላሠራ ካሰብኩት የላቦራቶሪ ምርመራ ያነሰ ነበር።